ሐዋሳ ሐይቅን በተራራ ብስክሌት መዞር፦ አንድ ጥያቄና 19 ምላሾች

የዚህ የኢንተርኔት ውይይት (ክር) የመክፈቻ ጽሑፍ ከአሥር መስመር አይበልጥም። ጠያቂው የሐዋሳ ነዋሪ ነው። ከከተማዋ ሰሜናዊ ጫፍ ከጥቁር ውሃ ተነሥቶ፣ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳር መዝናኛ አድርጎ፣ በሐይቁ ዳር ያለውን የግድቡን መንገድ ይዞ እስከ አሞራ ገደል መናፈሻ፣ የታቦርን ተራራ ወጥቶ ወርዶ፣ ከዚያ በደቡብ በዶሬ ባፋኖ በኩል የምዕራቡን ዳርቻ እየተከተለ ሐይቁን ሊዞር ይፈልጋል፤ ሁሉንም በአንድ ቀን። ሁለት ብስክሌት ቀርቦለታል። አንዱ ያገለገለ ባለ 26 (የጎማው ዲያሜትር በኢንች)፣ ከፊት 3 ከኋላ 8 ማርሽ ያለው፣ ፍሬኑ ቸርኬ ላይ የሚይዝ ነው። ሌላው አዲስ ባለ 29፣ ዲስክ ፍሬን ያለው፣ ዋጋው የመጀመሪያው ብዙ እጥፍ ነው። የትኛውን ልግዛ ነው ጥያቄው። መጨረሻ ላይ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አደረገ፦ ከተማዋ በ1952 ዓ.ም. የተቆረቆረች ስለሆነች መንገዱ ውብ ዕይታ እንጂ ቆሞ የሚታይ ታሪክ የለውም፣ ስለዚህ ሳይቆሙ በፍጥነት መዞር ይሻላል የሚል። ስለ ብስክሌቱ የመጣው መልስ ብዙ ነው፤ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ቁጣም ይዛ መጣች።

ምላሽ 1 በጨዋ አንደበት፣ ጠያቂውን አንቱ እያለ ነው የጀመረው። ከዋጋ በፊት ልክ ይቀድማል ይላል። ብስክሌቱን በሁለት እግር መሃል አድርጎ ሲቆሙ በላይኛው ብረትና በሰውነት መካከል ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት መኖር አለበት፤ አሸዋ ላይ ድንገት መውረድ ስለማይቀር። የመቀመጫውን ከፍታ ለመለካት ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዝን ፔዳሉ ላይ ማሳረፍ ነው፤ ጉልበት ቀጥ ካለ ልክ ነው፤ በእግር ፊት ሲረገጥ ደግሞ ጉልበት ትንሽ እጥፍ ይላል። መቀመጫው ዝቅ ያለበት ሰው ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ጉልበቱን ከፊት በኩል ያመዋል። ያገለገለውን ከመግዛት በፊት የሚታዩትንም ዘረዘረ፦ ጎማውን ይዞ ወደ ግራና ቀኝ መግፋት፣ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል ወይም ላልቷል፤ የፊት ፍሬን ይዞ ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ ማወዛወዝ፣ መሪው ሥር ኳ የሚል ነገር ካለ ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ የቸርኬውን ጎን በጣት መዳሰስ፣ ፍሬኑ የሚይዝበት ቦታ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ከሆነ ቸርኬው ሊሰነጠቅ ስለሚችል ብስክሌቱን መተው።

ምላሽ 2 ያለ ማመንታት ባለ 29ኙን መረጠ። የባለ 26 ቸርኬ ዲያሜትር 559 ሚሊ ሜትር፣ የባለ 29 ግን 622 ነው፤ ትልቁ ጎማ ጉድጓዱን ሳይወድቅበት ያልፋል፣ አሸዋም ላይ በቀላሉ አይሰምጥም። ግን ይህን ካለ በኋላ ራሱ አንድ እንቅፋት አነሣ፦ የባለ 26 ከመነዳሪ (በጎማው ውስጥ የሚነፋው ላስቲክ) በየሠፈሩ ሲገኝ የባለ 29ኙን ይዞ መዞር ግድ ነው። ምላሽ 3 እዚህ ላይ አረመው። በጭንቅ ጊዜ የባለ 26 ከመነዳሪ ትንሽ ተነፍቶ በባለ 29 ጎማ ውስጥ ቢገባ ተለጥጦ ወደ ቤት ያደርሳል፤ ለዘለቄታ ግን አይሆንም፣ የተለጠጠ ከመነዳሪ ስለሚሳሳ እሾህን አይችልም። እዚያው ላይ ጠያቂው ርቀቱን አሳንሶ እንዳየውም ጠቆመ። ሐይቁ ርዝመቱ 16 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በካርታ ላይ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። መንገዱ ግን ውሃውን እየተከተለ አይሄድም፤ በማሳና በአጥር እየተጠመዘዘ ይገባል ይወጣል። አስፋልት ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በልል አሸዋ ላይ 8 ወይም 9 ቢሄድ ነው። ስለዚህ ቀኑን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት እንዲያሰላ መከረው።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ምላሽ 4 ነው ለእኔ የክሩ እምብርት። ጸሐፊው ሁለቱንም ብስክሌቶች ወደ ጎን ትቶ መሬቱን ገለጸ። በሐይቁ ዙሪያ ሦስት ነገር ጎማ ይበላል። የመጀመሪያው የግራር እሾህ ነው፤ አጥር ለማጠር የተቆረጠ ቅርንጫፍ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ደርቆ ሲጠነክር እንደ ሚስማር ይሆናል። ሁለተኛው ኩርንችት ነው፤ ፍሬው እንዴትም ቢወድቅ አንዱ ሹል ወደ ላይ ስለሚቆም፣ በደረቅ ወቅት አሸዋማ ጥግ ላይ ከመንገዱ አንድ ሜትር መውጣት ብቻ አሥራ ምናምን ቀዳዳ ያስገኛል። ሦስተኛው በሰሜን፣ በኮርቤቲ እሳተ ገሞራ አቅጣጫ፣ ባልጩት ነው። ባልጩት እንደ ሁለቱ አይወጋም፤ የጎማውን ጎን እንደ ምላጭ ይሰነጥቃል፤ ከመነዳሪውም በስንጥቁ ወጥቶ ይፈነዳል። ለዚህ ልጥፍ አይረዳም። ከውስጥ በኩል በስንጥቁ ላይ ጠንካራ ነገር መደገፍ ነው መፍትሔው፤ ባዶ የጥርስ ሳሙና ቱቦ ተቀዶ፣ ታጥቦ፣ በሁለት እጥፍ ተደርጎ ሲገባ ቤት ድረስ ይይዛል። ያረጀ ጎማ ቁራጭ ከዚያም ይሻላል። የምላሹ መደምደሚያ ገንዘቡን ሁሉ ለብስክሌቱ አይጨርሱ የሚል ነው፤ ጎኑ የተጠናከረ፣ ስፋቱ 2.2 ኢንች አካባቢ የሆነ ጥሩ ጎማ ያሠራ ባለ 26፣ ስስ ጎማ ካለው አዲስ ባለ 29 በዚህ መንገድ ላይ ይበልጣል። በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ሐይቁን ልዞር ብሎ ወጥቶ ብስክሌቱን እየገፋ የሚመለስ ሰው በአብዛኛው ጉልበቱ አልከዳውም፣ ጎማው ነው የከዳው።

ምላሽ 5 ከጎሚስታ ሥራ ጋር ቅርበት ያለው ሰው እንደሆነ አጻጻፉ ይናገራል። የምላሽ 4ን ሐሳብ ተቀብሎ አለጣጠፉን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳ። መጀመሪያ ቀዳዳው የት እንዳለ ማንበብ ነው። በውጭው ፊት ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ ካለ እሾህ ነው። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካለ ጎማው ነፋስ አንሶት ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ከመነዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጧል፤ እሾህ መፈለግ አያስፈልግም፣ ነፋስ መጨመር ነው። ቀዳዳው ወደ ቸርኬው በሚያየው በኩል ከሆነ ደግሞ ውስጠኛው ማሰሪያ ጨርቅ ተንሸራቶ የራጅ (የቸርኬው ቀጭን ሽቦ) ጫፍ ወግቶታል፤ ይህ ካልተስተካከለ አሥር ጊዜ ቢለጠፍ አሥር ጊዜ ይተነፍሳል።

ከዚያ እሾሁን ማውጣት። ብዙ ሰው ከውጭ ያየውን ነቅሎ ጨረስኩ ይላል፤ የእሾሁ ጫፍ ግን ተሰብሮ በጎማው ውስጥ ይቀራል፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለሆነ በዓይን አይታይም። ጸሐፊው ጥጥ ወይም አሮጌ የሴት ስቶኪንግ በእጅ ጠቅልሎ የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን ማሸት ይላል፤ የቀረችው ጫፍ ክሩን ይዛ ታስቀራለች፣ በፒንሳ መጎተት ነው። በጣት መዳሰስም ይቻላል፣ ቀስ ተብሎ ግን፣ ያለበለዚያ እሾሁ ጣት ውስጥ ይቀራል። ከመነዳሪውን በአሸዋ ወረቀት ማሸት፣ አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ። ማስቲሹን ከልጥፉ ትንሽ አስፍቶ በስሱ መቀባት። ከዚያ መጠበቅ፤ አምስት ደቂቃ ያህል፣ እርጥብ መልኩ ጠፍቶ በጣት ጀርባ ሲነካ እስከማይለጠፍ። የሚበዛው ስሕተት እዚህ ነው። ማስቲሹ እርጥብ ሳለ ልጥፉ ከተጫነ ውስጡ ያለው ተን መውጫ ስለሚያጣ ይነፋል፤ ቤት ሲነፋ የያዘ የሚመስለው ልጥፍ ፀሐይ ላይ ሲሞቅ ጠርዙ ይነሣል። ልጥፉ ከመሃል ወደ ጠርዝ በአውራ ጣት ተጭኖ ይለጠፋል።

ምላሽ 6 ይህ ሁሉ ድካም ቀርቷል ባይ ነው። በጎማ ውስጥ የሚጨመረው ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ካለ እሾሁ ተነቅሎ ቀዳዳው ወደ ታች ዞሮ ጎማው ጥቂት ጊዜ ሲሽከረከር ራሱ ይደፈናል ብሎ መጠኑን ሰጠ፤ ከመነዳሪ ለሌለው ባለ 29 ጎማ ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሊትር፣ ለባለ 26 ከ60 እስከ 90። ምላሽ 5 ተመልሶ በሁለት መስመር መለሰለት፦ ፈሳሹ በሙቀት በጥቂት ወራት ውስጥ ይደርቃል፣ የደረቀበት ሰው ደግሞ መለጠፍ ስላልለመደ መንገድ ላይ ይቀራል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ፈሳሹም ይኑር፣ ማስቲሹም በቦርሳ ይያዝ። በነገራችን ላይ ፈሳሹ ከመነዳሪ ውስጥም ይገባል፣ የቫልቮላው ውስጠኛ ክፍል የሚፈታ እስከሆነ ድረስ፤ ይህን ከሁለቱ ማንም አላነሣውም።

ምላሽ 7 አጭር ነው፤ የነፋስ መጠን ብቻ። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ ለ2.2 ኢንች ጎማ ከከመነዳሪ ጋር፣ ፊት 28 ኋላ 32 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ)። አሸዋው ሲጀምር ከሁለቱም አራት አራት መቀነስ፣ ኮብልስቶን ላይ ሲደረስ መመለስ። የጎሚስታ ትልቅ ኮምፕሬሰር ለመኪና ጎማ የተሠራ ስለሆነ የብስክሌት ጎማን በሁለት ሰከንድ ከልክ በላይ ይነፋል፤ በእጅ ፖምፓ መጨረስ ይሻላል። አሸዋው ራሱ የተለየ እንደሆነ የጨመረው እሱ ነው፦ በሐይቁ አካባቢ ያለው ብዙው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቀላል ድንጋይ፣ ተረከዝ የሚፈገፈግበት ዓይነት፣ ተፈጭቶ የተፈጠረ ነው። ውሃ ይመጥጣል ያሳልፋል፣ ስለዚህ ከዝናብ በኋላ ጠንክሮ ይቆያል፤ ሲደርቅ ግን እንደ ዱቄት ይሸሻል። እንደ ዱቄት በሚሸሽ አሸዋ ላይ መሪ ማጠፍ መውደቅ ነው። ሰውነት ወደ ኋላ፣ ዓይን ወደ ሩቅ፣ ፔዳል ሳይቋረጥ። በጥቁር ውሃ በኩል ያለው ረግረግ ግን ጭቃው ሌላ ነው፤ ይጣበቃል፣ በጎማና በፎርሴላው (ጎማውን በሚይዘው ሹካ) መካከል ሞልቶ ጎማውን ያስቆማል፣ በክረምት ያን ክፍል በአስፋልቱ ማለፍ ነው።

ምላሽ 8 ላይ ድምፁ ተለወጠ። ጸሐፊው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠያቂውን አንተ እያለ፣ የከተማ ዕድሜና የቦታ ዕድሜ አንድ አይደለም ብሎ ጀመረ። ሐዋሳ የሚለው ስም ራሱ የሲዳምኛ ቃል ነው፣ ስፋትን የሚያመለክት፤ ከተማው ሳይቆረቆር ሐይቁ ስም ነበረው። ሐይቁ የተኛው በትልቅ ጥንታዊ የእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው፤ ከታቦር አናት ላይ ቆሞ ዙሪያውን የከበበውን ገደል ያየ ሰው የዚያን አፍ ጠርዝ እያየ ነው። ምላሽ 4 ጎማ የሚቀድድ ብሎ የሰደበው ባልጩት በደቡብ ኢትዮጵያ ቆዳ የሚፍቁ ባለሙያዎች እስከ ቅርብ ዘመን መፋቂያ ሲያደርጉት የኖሩ ድንጋይ ነው። ወደ ሰሜን 25 ኪሎ ሜትር ሻሸመኔ አለች፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1948 እ.ኤ.አ. ለጥቁር ሕዝቦች መስፈሪያ መሬት የሰጡባት። ወደ ደቡብ የጌዴኦ መልክዓ ምድር አለ፣ ትክል ድንጋዮቹን ይዞ በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ። ሳይቆሙ መዞር የሚለው ምክር ዓይንን ጨፍኖ መሄድ እንደሆነ ተናግሮ ጨረሰ።

ምላሽ 9 ሐሳቡን ደግፎ ስፋቱን አረመ። ጌዴኦ በሐይቅ ዙር ውስጥ የሚገባ አይደለም፤ ከዲላ ወዲያ ነው፣ ሌላ ቀንና ሌላ እግር ይፈልጋል። ታሪኩ ከዚያ ይልቅ በሐይቁ ዳር እንዳለ፣ ጉዱማሌን ጠቅሶ አስረዳ። ጉዱማሌ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ የሚከበርበት አደባባይ ነው፤ በዓሉ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ቀኑ በየዓመቱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከዋክብትን የሚቆጥሩት አያንቶዎች አይተው ነው የሚያውጁት። ስለዚህ ቀን ከመቁረጥ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። በበዓሉ ሰሞን በብስክሌት መሃሉን ማቋረጥ ነውር ነው፤ ወርዶ፣ ብስክሌቱን ይዞ፣ ዳር ዳሩን መሄድ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ደግሞ የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ነው፤ ምእመናን ከየአቅጣጫው ስለሚመጡ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው የመሃል ከተማ መንገድ ለብስክሌት አይሆንም። ይህ ምላሽ ቁጣ የለበትም፤ ክሩን ያረጋጋው እሱ ይመስለኛል፣ ለጥቂት ሰዓት።

ምላሽ 10 እና 11 የግድቡን መንገድ ይዘው ተጣሉ። የመጀመሪያው ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት ግድቡ ላይ በፍጥነት መሄድ ይቻላል ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው ግድቡ ለእግረኛ ነው፣ ሐይቁ ሲሞላ ከተማውን እንዳያጥለቀልቅ የተሠራ ነው፣ የእሽቅድድም መስመር አይደለም ብሎ በኃይል መለሰ። ሽማግሌዎች በትር ይዘው የሚሄዱበት፣ ቅዳሜና እሑድ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሡበት፣ ሕፃናት ድንገት የሚሮጡበት ጠባብ መንገድ ላይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር መብረር ሰውን መግደል ነው አለው። ምላሽ 10 የሰው ብዛት እስኪጀምር ድረስ ብዬ ነበር ብሎ ተከራከረ፤ ከዚያ ሁለቱም ስለ ባጃጅ አነዳድ ወደ መዘላለፍ ገቡ፣ ያንን አልፌዋለሁ።

ምላሽ 12 ፍርዱን ሰጠ፣ በቁጥር። በደረቅ መሬት ላይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት ነጂው አይቶ ፍሬኑን እስኪነካ ድረስ ባለችው አንድ ሰከንድ ብቻ 7 ሜትር ይሄዳል፣ ከዚያ ነው ፍሬኑ የሚጀምረው። በ10 ከሆነ 3 ሜትር አይሞላም። ግድቡ ላይ ከ10 እንዳይበልጥ፣ ደወል እንዲኖር፣ ሰው በዛ ሲል እንዲወረድ። የታቦርን ቁልቁለትም በዚያው አነሣ። ፍሬን ሳይለቁ ይዞ መውረድ የሚመች ቢመስልም ቸርኬ ላይ በሚይዝ ፍሬን ቸርኬው ይግላል፣ የጋለ ቸርኬ ከመነዳሪውን ያፈነዳል። ጠንከር አድርጎ ይዞ ፍጥነት መቀነስ፣ ለቅቆ ማቀዝቀዝ፣ እንደገና መያዝ። ከመታጠፊያው በፊት ቀንሶ መግባት፤ መታጠፊያው ውስጥ የፊት ፍሬን መያዝ ልል ጠጠር ላይ ይጥላል። ለመውጣቱ ደግሞ የጠያቂው አሮጌ ባለ 26 ከአዲሱ እንደማይተናነስ ተናገረ፤ ከፊት ትንሿ 22፣ ከኋላ ትልቁ 32 ጥርስ ከሆነ ፔዳል አንዴ ሲዞር ጎማው አንድ ዙር እንኳ አይሞላም፣ ያ ለታቦር በቂ ነው።

ምላሽ 13 ስለ ውሃው ጠርዝ ነው፤ ማንም ሳያነሣው ቢቀር ክሩ ጎደሎ ይሆን ነበር። ጉማሬ ሌሊት ከውሃ ወጥቶ ሣር ይግጣል፣ ጎሕ ሲቀድ ወደ ውሃው ይመለሳል። አደጋው ያለው በጉማሬውና በውሃው መካከል በመገኘት ነው፣ መመለሻው የተዘጋበት ስለሚመስለው። ስለዚህ ከከተማ ወጥቶ ቄጠማ ባለበት ዳርቻ ላይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት አለመገኘት፣ ምሽትም ከ12 ሰዓት በኋላ። የተረገጠ ሣር መሃል ሰፊ ቦይ የመሰለ መንገድ ከታየ የጉማሬ መውጫ ነው፣ እዚያ ቆሞ ማረፍ አያስፈልግም። ቀጥሎ ቢልሃርዚያ። ጥገኛው በዳር ባሉት ቀንድ አውጣዎች ውስጥ አድጎ ወደ ውሃው ይወጣል፣ በቆዳ በኩል ይገባል። ብስክሌቱን ለማጠብ እስከ ጉልበት ሐይቁ ውስጥ መቆም፣ በሙቀት ጊዜ እግርን መንከር፣ ሁለቱም ያስይዛሉ። ውሃ በባልዲ ቀድቶ ከዳር ማጠብም እጅን ያስነካል፤ ጭቃውን አድርቆ በብሩሽ ማራገፍ ይሻላል። የነካው ሰው ከሳምንታት በኋላ ጤና ተቋም ሄዶ ይመርመር፣ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው። ነፋሱንም ጨመረ፦ ከእኩለ ቀን በኋላ መሬቱ ከውሃው ይበልጥ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል። የምዕራቡን ዳርቻ ጠዋት ጨርሶ ከሰዓት ወደ ከተማው የሚመለስ ሰው ነፋሱን ከጀርባው ያገኛል። በዚህ ስሌት የጠያቂው አቅጣጫ ተገላቢጦሽ መሆን አለበት፤ ታቦርና አሞራ ገደል ለመጨረሻ ይቆዩ።

ምላሽ 14 ሰንሰለቱን የሞተር ዘይት እንዲቀባ መከረ፤ ርካሽ ነው፣ በየቦታው አለ ብሎ። ምላሽ 15 በጣም ተቆጣ፤ የተቃጠለ ዘይት ከሆነማ በውስጡ የብረት ብናኝ አለ፣ ያ የእሳተ ገሞራ አቧራ ተጨምሮበት ሰንሰለቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል፣ እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጥ ሰው ብስክሌት ነድቶ አያውቅም እስከ ማለት ደረሰ። ነገሩ ልክ ሆኖ ሳለ አነጋገሩ አልተገባም። ምላሽ 16 መሃል ገባ። ጉዳዩ ከዘይቱ ዓይነት ይልቅ ብዛቱ እንደሆነ አብራራ። ሰንሰለቱ በነጭ ጋዝ ይታጠብና ይድረቅ፤ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ አንድ ጠብታ ስስ ዘይት፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ አንድ ደቂቃ ማሽከርከር፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ከውጭ ያለውን ሁሉ መጥረግ። ዘይት የሚያስፈልገው ውስጡ ነው፣ ውጭ የቀረው አቧራ ይሰበስባል። ዲስክ ፍሬን ያለው ሰው ጠብታ ዲስኩ ላይ እንዳታርፍ ይጠንቀቅ፣ የፍሬኑ ሸራ ዘይት ከጠጣ መለወጥ ነው። ሰንሰለት ማለቁን በማስመሪያ መለካት ይቻላል፦ ከአንዱ ፒን መሃል እስከ 24ኛው ቀጣይ ፒን መሃል አዲስ ሲሆን 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 307 ካለፈ ባለ 8 ማርሽም ቢሆን ይለወጥ፤ ለባለ 11 እና 12 ማርሽ 306 ከፍ ሲል። ያለቀ ሰንሰለት ጥርሶቹንም ይዞ ይሞታል፣ ያኔ ወጪው እጥፍ ነው።

ምላሽ 17 ከርዕሱ ወጣ፤ ሐይቅ ከባሕር አይወዳደርም ብሎ ወደ ምፅዋ ወሰደን። ከአሥመራ 2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ተነሥቶ ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ መንገድ ቀይ ባሕር ዳር መውረድ፣ በድሮዋ ምፅዋ በዛጎል ድንጋይ የተሠሩትን የቱርክ ዘመን ቤቶች ማየት፣ በ1911 እ.ኤ.አ. አሥመራ የደረሰውን የባቡር ሐዲድ አጠገብ አጠገቡ መከተል። ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ፎርሴላ፣ ጎሚስታ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ መምጣታቸውንም በዚያው አስታወሰ። ከጥያቄው ጋር ባይገናኝም አንድ ጠቃሚ ነገር ነበረው። የባሕር ጨው ብረትና አሉሚኒየም በተነካኩበት ቦታ ሁሉ ይበላል፣ የመቀመጫው ምሰሶ ከፍሬሙ ጋር ተጣብቆ አልወጣ የሚለው በዚህ ነው፤ ሐዋሳ ላይ የባሕር ጨው የለም፣ ቢሆንም በዓመት አንዴ አውጥቶ ግራሶ መቀባት አይከፋም።

ምላሽ 18 ራሱ ጠያቂው ነው፤ እንደገና በአንቱታ። ምላሽ 8ን ታሪክ የለም ስላለው ይቅርታ ጠይቆ ዕቅዱን አስተካክሎ አቀረበ። ያገለገለውን ባለ 26 ሊገዛ ወስኗል፣ በተረፈው ገንዘብ ሁለት ጥሩ 2.2 ጎማ። ከጥቁር ውሃ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ተነሥቶ በሰሜን በኩል ወደ ምዕራብ ዳርቻ፣ በዶሬ ባፋኖ አድርጎ፣ ከሰዓት ነፋሱን ከጀርባ ይዞ ወደ ከተማው፤ ታቦር ላይ 10 ሰዓት አካባቢ፣ ግድቡ ላይ ብስክሌቱን እየገፋ፣ ጉዱማሌ ላይ ቆሞ፣ መጨረሻው ፍቅር ሐይቅ። የሚይዘውንም ዘረዘረ፦ ሁለት ከመነዳሪ፣ ማስቲሽ፣ ስድስት ልጥፍ፣ የአሸዋ ወረቀት፣ ፒንሳ፣ ስቶኪንግ፣ የጥርስ ሳሙና ቱቦ፣ ብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ)፣ የእጅ ፖምፓ፣ 4 ሊትር ውሃ።

ምላሽ 19 ዝርዝሩን አንብቦ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። ከገዛቸው ሁለት ከመነዳሪዎች አንዱ የቀጭኑ ቫልቮላ ዓይነት መሆኑን ከለጠፈው ፎቶ አይቷል፤ ፖምፓው ግን እንደ መኪና ያለውን ወፍራሙን ብቻ ነው የሚይዘው። ቀጭኑን ከሚነፋበት ጋር የምታገናኝ ትንሽ የነሐስ ቆብ አለች፣ የብስክሌት ዕቃ የሚሸጥበት ሁሉ ትገኛለች። እሷን ገዝቶ ከመነሣቱ በፊት ማታ ቤት ሆኖ ሁለቱንም ከመነዳሪ በዚያው ፖምፓ ነፍቶ ይሞክር፤ የቸርኬውንም የቫልቮላ ቀዳዳ ይይ፣ ለወፍራሙ የተበሳ ከሆነ ቀጭኑ ውስጡ እየተንቀሳቀሰ ሥሩ ላይ ስለሚቀደድ ቀዳዳውን የሚያጠብ የጎማ ቀለበት ያስፈልገዋል።